ሥራ ፈቶቹ አበቦች

ቀናሹ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ቁርሱን በላና የሚሄድበት አጣ። ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን ይመላለስ ጀመር። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መኪናዋን ሳሎኑ መስኮት ሥር አስጠግታ የሰው ቀሚስ ትዘመዝማለች። በአምስተኛው ምልልስ ላይ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ። ጥላህ ስፌቴ ላይ እየተራመደ ነው» አለችው።

ወጣ። ከቤቱ ኋላ ያለው ጓሮ ውስጥ ቆመ። የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ጉልበት የሚደርስ አረም። ሁሉም በየፊናው ነው፤ ማንም ማንንም አያዝም። ቀናሹ ኪሱ ውስጥ ያለውን ደብተር ዳሰሰና ከሦስት ቀን በኋላ ፊቱ ፈካ።

«ቀናሽ» ብለው ስም ያወጡለት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው። ስሙ ከቢሮ ወደ ሰፈር ወርዶ፣ ሚስቱ ሳትቀር ሲከፋት ትጠራበታለች። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበር። ደብተር ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፤ እሱ ባለፈባት ደቂቃ እጁ ላይ ሥራ ያልተገኘ ሰው ስሙ ይጻፋል፤ ስሙ የተጻፈም ደብዳቤ ይደርሰዋል። ሻይ የምታፈላውን ሴት ሲቀንስ ሠራተኛው ሁሉ ሻይ ፍለጋ ወጥቶ እዚያው ይውል ጀመር። የመዝገብ ቤቱን ሽማግሌ ሲቀንስ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ቀናሹ ግን በስብሰባ ተነሥቶ፣ «ሰው ቀንሰናል፤ ሥራው ግን አልተሻሻለም። ይህ የሚያሳየው ገና በቂ እንዳልቀነስን ነው» ይል ነበር። ይጨበጨብለትም ነበር። ያላጨበጨበ እጁ ሥራ ፈቷል ማለት ነዋ።

ችግሩ ጓሮው አስቀድሞ የታጨ መሆኑ ነው። ልጁ ፀጉር ሠሪ ናት። በሰው ቤት፣ በሰው መስታወት ፊት ቆማ ስትሠራ ሰባት ዓመቷ። ጓሮው ላይ አንዲት ክፍል ሠርታ የራሷን ፀጉር ቤት ልትከፍት ለእናቷ ነግራ፣ እናቷም እሺ ብላ፣ ግንበኛ ሳይቀር መጥቶ በገመድ ለክቶ ሄዷል። ያልሰማው ቀናሹ ብቻ ነበር። ስለዚህ እሑድ ምሳ ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጓሮው ላይ አትክልት ላለማ ወስኛለሁ» ሲል እናትና ልጅ ተያዩ።

«ምን አትክልት፣ አባዬ?»

«ዝኩኒ። ቲማቲምም ይኖራል። በዕቅድ ነው የሚሠራው።»

«በረንዳ ላይ ያለችውን አንዲት አበባ ውሃ አጠጣልኝ ስልህ የጽዳት ክፍል ሥራ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«አበባዋም ሞተች።»

«እሱም ሌላ ነው።»

ቤቱ የሚስቱ የእናቷ ውርስ ነው፤ የመጨረሻው ቃልም የሷ ነው። ዳቦዋን ቆርሳ ግራ ቀኙን አየች። «ሦስት ወር» አለች። «በሦስተኛው ወር መጨረሻ እሑድ ከዚህ ጓሮ በበቀለ ዝኩኒ ምሳ ካበላኸን ጓሮው ያንተ ነው፤ ማንም አይነካብህም። ካላበላኸን ሰኞ ጠዋት ግንበኛው ይገባል፤ አንተም ድንጋይ ታቀብላለህ።»

ቀናሹ ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር ነበር። ሳሎኑ የሚስቱ ነው፤ ጓዳውም የሷው ነው። ጓሮው ከሄደ እሱ ቁጭ ብሎ «ይህ እንዲህ ይሁን» የሚልበት አንድ ክንድ መሬት አይቀረውም። ቀሪ ዕድሜውን ጥላውን ከሰው ስፌት ላይ እያነሣ ሊኖር ነው።

እናም ሥራ ተጀመረ። መሬቱን በሲባጎ አስምሮ በስምንት መደብ ከፈለው። ለእያንዳንዱ ዝኩኒ በእንጨት ላይ ቁጥር ጻፈለት። የቲማቲም ችግኝ የሸጠችለት ዘር ሻጭ፣ «ጀንበር ስታዘቀዝቅ ትከለው፣ ጋሼ፤ በቀን ፀሐይ እንዳይመታብህ» ብላው ነበር። እሱ ደግሞ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ከሥራ ሰዓት ውጭ ሠርቶ አያውቅም። በቀትር ተከለው። ማታውን ችግኞቹ በሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ በማግሥቱም አላነሡም። ቲማቲሙ ከዕቅዱ ተሰረዘ። ሚስቱ ዕቃ ስታጥብ ከገንዳው ሥር የደፋችው የበሰበሰ ቲማቲም ግን ያለ ቅጥር ደብዳቤ በቅሎ፣ የእጣቢውን ውሃ እየጠጣ፣ ማንም ሳያየው ወገብ ደረሰ።

ዝኩኒውስ ማለፊያ ሆነ። ቅጠሉ እንደ ድስት ክዳን ሰፋ። ቀናሹ ጠዋት ጠዋት ኮቱን ለብሶ በመደቦቹ መካከል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞራል። በስድስተኛው ሳምንት ቢጫ አበባ ፈነዳ። መጀመሪያ የወጡት ሁሉ ረዥምና ቀጭን አገዳ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ ጠዋት አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ረፋዱ ላይ ይዘጋሉ፣ ሌላ የሚሠሩት ነገር አይታይም። ቆይቶ ሌላ ዓይነት መጣ። ይኼኛው ገና አበባው ሳይከፈት ከሥሩ ጣት የምታህል ዝኩኒ ይዞ ነው የሚወጣው። ቀናሹ ደብተሩን አወጣ። በአንድ በኩል «ፍሬ የያዘ»፣ በሌላው በኩል «ባዶ እጁን የቆመ» ብሎ ጻፈ። ባዶ እጃቸውን የቆሙት ይበዛሉ። ውሃ ግን እኩል ይጠጣሉ።

«እዚህም አገኘኋችሁ» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በመቀስ ይቆርጣቸዋል። ኋላ ላይ አበባ እስኪሆኑ መጠበቁንም ትቶ እንቡጡን ይቀነጥስ ጀመር። መቀሱ የሚስቱ ነበር።

«ምን አደረጉህ?» አለችው አንድ ቀን፣ መቀሷን ልትወስድ መጥታ።

«ሥራ የላቸውም።»

«አበባ ምን ሥራ ይኖረዋል?»

«የጎን ጎረቤቶቻቸው ይሠራሉ አይደል? እነሱስ?»

ሚስቱ መቀሷን ተቀብላ ሄደች። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራለች፤ የቱ ላይ ዝም እንደሚባል ታውቃለች።

ሌላም ነገር ነበር። ንቡ፣ ቢራቢሮው፣ ያልታወቀ ዝንብ ሁሉ ያለ ቀጠሮ እየመጣ አበባ ውስጥ ይገባል፣ አቧራ ተሸክሞ ይወጣል። ቀናሹ ባለጉዳይ ድሮም አይወድም። ከአልጋው ላይ አጎበሩን አውርዶ መደቦቹን በሙሉ ሸፈነና ጠርዙን በድንጋይ አስያዘ።

የቆረጣቸውን አበቦች በአጥሩ ላይ አሻግሮ ይጥላቸዋል። ከአጥሩ ወዲያ የሚኖረው ተላላኪው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት በዚያው መሥሪያ ቤት ፋይል ከክፍል ወደ ክፍል ያደርስ ነበር። ቀናሹ ሦስት ቀን በተከታታይ ሲዞር ሦስቱንም ቀን ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘው። ፊርማ እየጠበቀ ነበር፤ ግን ማን ጠየቀው። ደብዳቤው ደረሰው። ከዚያ በኋላ ፋይሎቹ ባሉበት ጠረጴዛ ላይ አቧራ ለብሰው ቀሩ። ጎረቤታሞቹ ከተኮራረፉ ይኸው ዘጠኝ ዓመት።

አንድ ጠዋት አበባው አጥሩን ሲሻገር ከወዲያ በኩል ድምፅ መጣ። «ጌታዬ፣ እነዚህ ደግሞ ምን አጥፍተው ነው?»

ቀናሹ ሌላ እንቡጥ ቀነጠሰ።

«ማስጠንቀቂያ ቀድሞ ደርሷቸዋል? ወይስ እንደኔ በድንገት ነው?»

ቀናሹ አንድ አበባ ጨምሮ ወረወረ።

በሚቀጥለው ሳምንት ትንንሾቹ ዝኩኒዎች ጫፋቸው ቢጫ ሆነ። ከዚያ ለሰለሱ። ከዚያ ወደቁ። አንዱ፣ ሁለቱ፣ አምስቱ። ውሃ ቀነሰ፤ ወደቁ። ውሃ ጨመረ፤ ወደቁ። ፍግ አደረገ፤ ሸቱና ወደቁ። ልጁ እሑድ እሑድ እየመጣች የአጎበሩን ጠርዝ ገለብ ታደርጋለች።

«አባዬ፣ ምሳችን የታለ?»

«በሂደት ላይ ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ አለ ሰውዬው» ትላለች ሚስቱ ልብስ እያሰጣች።

ልጁ አትስቅም። እግሯን እያነሣች በጓሮው ርዝመት ትራመዳለች፤ መስታወቱ እዚህ፣ የፀጉር መታጠቢያው እዚያ። ቀናሹ በየርምጃዋ የሆነ ነገሩን የምትረግጥበት ይመስለዋል።

ለምሳው እሑድ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የበሰበሰች አንዲት ዝኩኒ በመሐረብ ጠቅልሎ ወደ ዘር ሻጯ ሄደ። ሴትዮዋ ገለጠችና አየቻት፣ አሸተተቻት።

«ይቺ አልተዳቀለችም» አለች። «ወንዱ አበባ የለህም እንዴ?»

«ወንዱ የትኛው ነው?»

«ፍሬ የሌለው ነዋ። ቀጭን አገዳ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው። ዱቄቱ ያለው እሱ ጋ ነው። ንብ ከሱ ወስዳ ለሴቷ ካላደረሰች ሴቷ ብቻዋን ምን ታደርጋለች?»

ቀናሹ መሐረቡን አጠፈ። እንደገና አጠፈው።

«ንብስ አይገባልህም?» አለች ሴትዮዋ።

«አጎበር አልብሼዋለሁ።»

ዘር ሻጯ፣ «ለወባ ነው፣ ጋሼ?» አለች። ስትናገር ፊቷ አልተለወጠም። የሳቀችው እሱ ጥግ ከታጠፈ በኋላ ነው፤ ድምፁ ግን ደረሰው።

እቤት ሲደርስ አጎበሩን ገፍፎ ጣለና ተንበረከከ። ከመደብ አንድ እስከ መደብ ስምንት ቅጠል እየገለጠ ወንድ አበባ ፈለገ። አልነበረም። እንቡጡንም ለቅሞ ጨርሶታል። አዲስ ወጥቶ እስኪፈነዳ ከሳምንት በላይ ነው፤ ፍሬው እስኪደርስ ደግሞ ሌላ ሳምንት። ሴቶቹ ግን ነበሩ፤ ሦስቱ ነገ ሊከፈቱ አፋቸውን አሹለዋል። ቀናሹ ቀና አለ። ከአጥሩ ወዲያ ተላላኪውም የተከለው ዝኩኒ የአጥሩን ዓምድ ተደግፎ ወጥቶ ነበር፤ ላዩ ላይ ባዶ እጃቸውን የቆሙ ሥራ ፈቶች ሞልተውታል።

ኮቱን አራገፈ፣ በመንገዱ ዞሮ የተላላኪውን በር አንኳኳ።

ተላላኪው ሲያየው አልገረመውም። «እንደምን ዋሉ፣ ጌታዬ?»

«ደኅና። አንድ ጉዳይ ነበረኝ።»

«ባለጉዳይ ነዎት? እንግዲያው ይቀመጡ።» በረንዳው ላይ ያለውን አግዳሚ አሳየው። «ተራዎ ሲደርስ እጠራዎታለሁ።»

«ከፊቴ ማን አለ?»

«ዶሮዎቹ።»

ቀናሹ ተቀመጠ። ተላላኪው ለዶሮዎቹ ጥሬ በተነ፣ ውሃቸውን ለወጠ፣ እንቁላል ፈልጎ አጣ፣ ድጋሚ ፈለገ። ቢላዋ ሳለ። የሳለውን ቢላዋ ጨርቅ ላይ ሞከረና አልወደደውም፤ እንደገና ሳለ። አግዳሚው አንድ እግሩ ያጥራል፤ ቀናሹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንቋቋል። ተቀምጦ መጠበቅ ይህን ያህል የሚያደክም ሥራ መሆኑን ነጋሪ አልነበረውም።

ሲጠራ ነገሩን ተናገረ። ተላላኪው ሰማው።

«አበባውን እሰጥዎታለሁ» አለ። «ማመልከቻም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ። እሑድ ምሳውን ስትበሉ እኔም ከገበታው እቀርባለሁ። እርስዎም ሚስትዎና ልጅዎ እየሰሙ ማን እንደ ቆረጠና ምን እንዳጠፋ ይናገራሉ።»

«በጽሑፍ ቢሆንስ?»

«በአፍ።»

ቀናሹ ወደ ጓሮው በኩል አየ። የልጁ እርምጃ ታየው፤ መስታወቱ እዚህ፣ መታጠቢያው እዚያ። «እሺ» አለ።

በማግሥቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የሥራ ሰዓት ሳይደርስ፣ ተላላኪው ሦስት ወንድ አበባ በአጥሩ ላይ አቀበለው። «ቢጫውን ቅጠል ይግፈፉት። መሐሉ ላይ ያለውን ዱቄት ሴቷ ውስጥ ቀስ አድርገው ያስነኩት። ቀስ። ማኅተም እየመቱ አይደለም።» ቀናሹ ከመደብ ሁለት ወደ መደብ አምስት፣ ከመደብ አምስት ወደ መደብ ሰባት እየተጎነበሰ አደረሰ። ቢጫው ዱቄት የኮቱ እጅጌ ላይ ቀረ። በዕድሜው ሙሉ አንድ ነገር ከአንድ ቦታ ወስዶ ሌላ ቦታ ሲያደርስ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከሦስቱ አንዷ ወደቀች። ሁለቱ ያዙ። ቀናሹ በስምንቱ ቀን እየተመላለሰ ያያቸውን ያህል ልጁን እንኳ ሕፃን ሳለች አላያትም። በየቀኑ በስንዝር ይለካቸዋል፤ ቅዳሜ ዕለት አንድ ስንዝር ሞሉ።

እሑድ ልጁ የግንበኛውን ገመድ በቦርሳዋ ይዛ መጣች። ሚስቱ ሁለቱን ዝኩኒዎች ከትፋ፣ ከገንዳው ሥር በለቀመችው ቲማቲምና በሽንኩርት ጠብሳ አቀረበች። ተላላኪው የድሮ የመሥሪያ ቤት ካፖርቱን አስተኩሶ ለብሶ ገባ። ልጅና እናት ተያዩ፤ ቀናሹ ግን «እንግዳዬ ነው» አለና ወንበር ሳበለት። ማንም ሹካውን ከማንሣቱ በፊት ተላላኪው ቀናሹን አየው። ቀናሹ ተነሣ፤ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«በአትክልት ልማቱ አፈጻጸም ረገድ» ብሎ ጀመረ፣ «በአበባ አያያዝ በኩል አንዳንድ ክፍተቶች ታይተዋል።»

«የማን ክፍተት?» አለ ተላላኪው።

«ከመረጃ እጥረት የተነሣ በተፈጠረ ችግር ምክንያት…»

«ማን የፈጠረው?»

ልጁ አፏን በእጇ ያዘች። ቀናሹ ሚስቱን አየ፤ እንድታድነው። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እየጠበቀችው ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሆና የጠበቀችው ስንት ጊዜ እንደ ሆነ ድንገት ሊቆጥር ፈለገና ተወው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሥራ የላቸውም ብዬ ቆረጥኳቸው። ሥራ ነበራቸው። ያለነሱ ፍሬ አይያዝም ነበር።»

«ንቦቹስ?»

«ንቦቹንም ከለከልኩ።»

«በአጥር ላይ የተጣለስ ሌላ አልነበረም?»

ቀናሹ «አንተንም» ሊል አፉን ከፈተ፤ «እርስዎንም» ሆኖ ወጣ።

ተላላኪው ራሱን ነቀነቀ፤ ዳቦ ቆረሰ፣ ዝኩኒውን ዛቀበት፣ ጎረሰ፣ አላመጠ። «ጨው ያንሰዋል» አለ።

በሉ። ሁለት ዝኩኒ ለአራት ሰው ሆዴ ጠገበ አያሰኝም፤ ግን ምሳ ነው። ሚስቱ ሳህኑን በዳቦ ጠርጋ ፈረደች፤ «በልተናል። ጓሮው ያንተ ነው።» ልጁ ቦርሳዋ ውስጥ ገመዱን ወደ ታች ገፋ አደረገችው፤ ሰባት ዓመት የቆመችበት እግሯ ያን ጊዜ የከበዳት መሰለ።

ተላላኪው ልጅቷን አያት። «የኔ ልጅ» አለ፣ «ፀጉር ቤት ጓሮ ገብቶ ማን ያየዋል? እኔ በር በመንገዱ በኩል ያላት ክፍል አለችኝ፤ አሮጌ ሣጥን ነው የሞላሁባት። አባትሽ በቀነሰኝ ጊዜ ሱቅ ላደርጋት አስቤ ነበር፤ ጉልበቱ አልመጣልኝም። ነይና እያት።» ልጁ ከገበታው ተነሥታ ሄዳ አየቻት። በወሩ ከፈተች።

ቀናሹ አሸነፈ። ጓሮው የሱ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። አጎበሩ ከተነሣ፣ መቀሱ ወደ ሳሎን ከተመለሰ ወዲህ ዝኩኒው እንደ ጉድ ያፈራል። መቆጣጠር የሚባል ነገር አያውቅም፤ ማታ ጣት ያህል የነበረው ጠዋት ክንድ ሆኖ ይገኛል። ሚስቱ በቃኝ አለች፤ ጎረቤት በቃን አለ። የቀረው የልጁ ፀጉር ቤት ነው። ረፋድ ላይ በቅርጫት ሞልቶ ይወስድና እጇ እስኪፈታ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ተላላኪው ደንበኞቹን ሲያጫውት ይውላል፤ ምን እንደሚያጫውታቸው መጠየቅ አያስፈልግም። ከፀጉር ማድረቂያው ሥር የተቀመጠች ሴት ደግሞ የራሷ ድምፅ ስለማይሰማት የምታንሾካሹክ እየመሰላት ትጮኻለች።

«አበባ በደብዳቤ አባረረ የተባለው ሰውዬ ይኼ ነው?» ብላ ጮኸች አንዷ፣ ወደ ልጁ ጠጋ ብላ።

ልጁ ማበጠሪያውን ከሌላዋ ሴት ፀጉር ሳታወጣ አባቷን በመስታወቱ ውስጥ አየችው።

«አባቴ ነው» አለች። «ዝኩኒ ይፈልጋሉ?»